ሥራ ሲደራረብ ጭንቀትን ልክ ማስያዝ

ለተጨነቀ ሰው ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «አይዞህ፣ አታስብ» ነው። በቅንነት ነው የምንለው። ግን ቃሉን እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት። ሰውየውን «ጭንቅላትህን ሥራ አስቁመው» እንደማለት ነው።

በአማርኛ «ማሰብ» ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ነገር ማመዛዘን፣ መላ መፈለግ ነው። ሌላው መጨነቅ ነው። «ሐሳብ ገባኝ» ያለ ሰው ግሩም ሐሳብ መጣልኝ ማለቱ አይደለም። ልቤ ተሰቅሏል ማለቱ ነው። «ሐሳብ ገደለኝ» ካለማ ጭራሽ። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቃል መጥራታችን የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ጭንቅላታችንም ይምታታበታል። ሲጨነቅ እያሰበ ይመስለዋል።

ሥራ በተደራረበበት ሰሞን ይህ መምታታት ይብሳል። ዴድላይን ደርሷል፣ ልጅ አሞታል፣ ፈተና ቀርቧል፣ ስልኩ አያርፍም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችን ፈጦ ጣሪያ እናያለን። በዚያ ሰዓት የምናደርገው ነገር ሥራ ይመስላል። ነገን እያቀድን ያለን ይመስለናል። አይደለም። ለዚህ አማርኛ የተሻለ ቃል አለው፤ መብሰልሰል። ማሰብ ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል። መብሰልሰል ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወቅጣችሁ ጠዋት ስታዩት ያው ውሃ ነው።

«አታስብ» የማይሠራበት ምክንያት

ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ በዘርፉ ዝነኛ ነው። ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ ያህል በጭንቅላታቸው የሚመላለሰውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ጠየቀ። አንድ ነገር ብቻ ከለከላቸው። ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ። ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል ይመታሉ። ደወሉ በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ጮኸ። የባሰው በኋላ መጣ። «አሁን እንደ ልባችሁ ስለ ድቡ አስቡ» ሲባሉ፣ መጀመሪያ ተከልክለው የነበሩት ካልተከለከሉት ይበልጥ ድቡ አልለቃቸው አለ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ጭንቅላት አንድን ሐሳብ ለማባረር «መጣ? አልመጣም?» እያለ መጠበቅ አለበት። ለመጠበቅ ደግሞ የሚጠብቀውን ነገር ማስታወስ አለበት። ዘበኛው ራሱ ሌባውን እየጠራ ያስገባዋል። ስንደክምና ሥራ ሲበዛብን ደግሞ የማባረሩ ጉልበት ያልቃል። ዘበኛው ግን አይተኛም። ለዚህ ነው በጣም በተወጠርንበት ሳምንት «አላስበውም» ያልነው ነገር ሁሉ ተሰልፎ የሚመጣው።

ስለዚህ ጭንቀትን ማጥፋት የሚለውን ነገር ከመጀመሪያው ብንተወው ይሻላል። አይጠፋም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ጥሩ አይሆንም፤ ምንም የማያሳስበው ሰው ዴድላይን ሲያልፍም አያሳስበውም። ጥያቄው ጭንቀቱ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል ይናገር የሚለው ነው።

ሥራው ሳይሆን ያላለቀውና ያልታወቀው

«ሥራ ስለበዛብኝ ነው የተጨነቅሁት» እንላለን። በከፊል እውነት ነው። ግን ሥራ እስከ አንገታቸው ደርሶ ረጋ ብለው የሚሠሩ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። የሚበላን የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። ሥራው ይዟቸው የሚመጣ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ ያላለቀ ነገር ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን እንቆቅልሽና የእጅ ሥራ የመሳሰሉ ትንንሽ ሥራዎች ሰጠቻቸው። ግማሹን ሳይጨርሱ አስቆመቻቸው። በኋላ ስትጠይቃቸው ከጨረሱት ይልቅ የተቋረጠባቸውን ያስታውሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደገሙ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ግን ያልተቋጨ ነገር ጭንቅላት ውስጥ እንደሚያንኳኳ ማንኛችንም ተመራማሪ ሳያስፈልገን እናውቀዋለን።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነው። ያልጨረሱት ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ነገር ሲያነቡ ሐሳባቸው ይሸፍት ነበር። ጉዳዩን መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚጨርሱት እቅድ እንዲያወጡ የተደረጉት ግን ተረጋጉ። ሥራውን አልጨረሱትም። ገና አልጀመሩትም እንኳ። እቅዱ ብቻ በቃቸው። ጭንቅላታችን የሚጠይቀን «ጨርሰው» ሳይሆን «የሚያዝበት ቦታ ስጠው» ነው ማለት ነው። ይህ ለተወጠረ ሰው ትልቅ የምሥራች ነው። ዛሬ 14 ሥራ መጨረስ አይቻልም። ለ14 ሥራ ቀን መቁረጥ ግን 10 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ያልታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ። 45 ፈቃደኞች የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታሉ። ስክሪኑ ላይ ድንጋይ ይታያል። ከሥሩ እባብ አለ ወይስ የለም ብለው ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸው ላይ ትንሽ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይመታቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ይለካል። በጣም የተጨነቁት መቼ ነው? ንዝረቱ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሲሆኑ አይደለም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። የሚመጣባቸውን ሲያውቁ ይበልጥ ረጋ አሉ።

ዓርብ ማታ አለቃችሁ «ሰኞ ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» ብሎ መልእክት ላከ እንበል። ሌላ ቃል የለም። ቅዳሜና እሑድ አለቁ። «ሰኞ ስለ ሪፖርቱ ስህተት እንነጋገራለን» ቢል ኖሮ ደስ አይልም፣ ግን እንቅልፍ ይወስዳችሁ ነበር። (አለቃ ከሆናችሁ እባካችሁ ጉዳዩን ጨምራችሁ ጻፉ። ሦስት ቃል ነው።)

ባልታወቀ ነገር ፊት ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ዓይነት ነው። እናጣራለን። ኢሜይሉን ደግመን እናነባለን። ስልካችንን እናያለን፣ እናስቀምጣለን፣ እንደገና እናነሣለን። ጓደኛችንን «ምን ማለቱ ይመስልሻል?» እንላለን። ለ5 ደቂቃ ያሳርፋል። ከዚያ ጥርጣሬው ይመለሳል፣ አሁን ደግሞ አንዴ ስለለመደ ሌላ ማጣሪያ ይፈልጋል። የሚያሳክክ ቦታን እንደማከክ ነው። ባከኩት ቁጥር ያሳክካል።

በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣትን ጨምሩበት። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር የጭንቀትን መጠን እስከ 30 በመቶ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስሜትን የሚገራው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ድምፁን ያጠፋል፣ ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው ክፍል ይነቃል። ስለ ሥራ ተጨንቀን አንተኛም፤ ስላልተኛን ደግሞ ስለ ሥራው ይበልጥ እንጨነቃለን። እንቅልፍን ለሥራ ሲባል መቁረጥ ቁጠባ የሚመስል ብክነት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጭንቀት የሥራ ልብስ ሲለብስ

ቶማስ ቦርኮቬክ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መብሰልሰልን በቁም ነገር ካጠኑት ሰዎች ቀዳሚው ነው። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ መብሰልሰል በአብዛኛው በቃላት የሚካሄድ ነገር ነው። ምስል ሳይሆን ወሬ ነው። «እንዲህ ቢሆንስ? ከዚያ እንዲያ ቢሉኝስ?» እያልን ለራሳችን እናወራለን። ወሬ ስለሆነ ስብሰባ ይመስላል። ዝግጅት ይመስላል።

ሌላም ተንኮል አለው። የፈራነው ነገር ሳይደርስ ሲቀር ምስጋናውን ጭንቀቱ ይወስዳል። «ስለተጨነቅሁ እኮ ነው የተረፍኩት» እንላለን። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ይህንን ፈትኖታል። የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 29 ሰዎች ለ10 ቀናት ያስጨነቃቸውን ነገር ጻፉ። ከዚያ እስከ 30 ቀን ድረስ የቱ እንደደረሰና የቱ እንዳልደረሰ አዩ። 91 በመቶ የሚሆነው አልደረሰም። 29 ሰው ትንሽ ነው፣ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ሐሳቡን ግን ራሳችሁ ላይ መሞከር ትችላላችሁ። የዛሬ ወር ምን አስጨንቋችሁ ነበር? እኔ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።

እንግዲህ ማሰብን ከመብሰልሰል የምንለይበት አንድ ጥያቄ ያስፈልገናል። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፤ «ከዚህ ቀጥሎ በእጄ የምሠራው ነገር ምንድን ነው?» መልስ ካለው ማሰብ ነበር። ሥራውን እጽፋለሁ፣ ቀን እቆርጥለታለሁ። መልስ ከሌለው እየወቀጥኩ ያለሁት ውሃ ነው።

መጻፉን አደራ። በጭንቅላት መያዝ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ግማሾቹ የጨረሱትን ሥራ ጻፉ። ግማሾቹ በቀጣዮቹ ቀናት መሥራት ያለባቸውን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩን ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ተኙ። እኔ የተገላቢጦሹን ነበር የምጠብቀው፤ የነገን ሥራ ከመኝታ በፊት ማየት የሚያስፈራ መስሎኝ ነበር።

ለጭንቀት ቀጠሮ መስጠት

መልስ የሌለውንስ ምን እናድርገው? ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት መላ ሲሰሙት ያስቃል። ለጭንቀት ቀጠሮ ስጡት ነው የሚሉት። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓት። ቀን ላይ ጭንቀቱ ሲመጣ አታባርሩትም። አትከራከሩትም። «ሰምቼሃለሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ» ትሉትና አንድ ቃል ጽፋችሁ ወደ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ቁጭ ብላችሁ የጻፋችሁትን እያነሣችሁ ትጨነቃላችሁ። በደንብ፣ ሳትሰርቁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ትነሣላችሁ።

ከነጭ ድቡ ጋር ያለውን ልዩነት አያችሁት? ጭንቀቱ «አይሆንም» አልተባለም። «ቆይ» ነው የተባለው። ዘበኛው የሚጠብቀው ነገር የለም። በ1983ቱ ጥናት ይህንን የተለማመዱት ሰዎች በቀን የሚጨነቁበት ጊዜ ቀንሷል።

እኔ የጀመርኩት ከሥራ ጫና የተነሣ ማንበብ ሁሉ ያቃተኝ ሰሞን ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ራሴን የማሞኝ መስሎ ተሰማኝ። ቀጠሮ ሰጥቼው ከ2 ደቂቃ በኋላ ይመጣል። እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ቀን አንዱን ነገር 9 ጊዜ ጽፌ አገኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት ግን የማልጠብቀው ነገር ሆነ። ቀጠሮው ሲደርስ የሚያስጨንቅ አጣሁ። ጠዋት ልቤን የሰቀለው ነገር ማታ ወረቀት ላይ ሳየው ደንዝዟል። ግማሽ ሰዓቱን መሙላት አቃተኝና ወደ 15 ደቂቃ ቀነስኩት።

ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፣ እናንተ አትድገሙት። ቀጠሮውን አልጋ ላይ አደረግሁት። አልጋው የጭንቀት ቢሮ ሆነና ሌላ ችግር ወለደ። ወንበር ላይ ይሁን፣ ከመኝታ ሰዓትም ራቅ ይበል። ሌላው፣ ሥራ በጣም በበዛበት ቀን «ዛሬስ ጊዜ የለኝም» ብዬ ዘለልኩት። ቀጠሮ የተሰረዘበት ጭንቀት በማግስቱ አያምናችሁም። ሌሊት ነው የሚመጣው።

ስትጽፉም ስሙን በትክክል ጥሩት። «ሁሉም ነገር አስጨንቆኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚያዝበት ጆሮ የለውም። «ሐሙስ የማቀርበው ነገር ላይ ጥያቄ ጠይቀውኝ መልስ ያጣሁ እንደሆነ ያፍሩብኛል ብዬ ፈርቻለሁ» የሚለው አለው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ ጥናት፣ ሰዎች የቁጣና የፍርሃት ፊቶችን እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንደሚረጋ አሳይቷል። ስም የተሰጠው ፍርሃት ትንሽ ይቀንሳል። ደግሞ ስሙን ስታገኙ መላውም አብሮ ብቅ ይላል። ከላይ ላለው ፍርሃት ለምሳሌ፣ ሊመጡ የሚችሉ 5 ጥያቄዎችን መጻፍና አንድ ባልደረባ እንዲጠይቃችሁ ማድረግ ነው።

ስለ ሰውነት ብዙ አልልም፤ ሌላው ሁሉ ብሎታል። መንቀሳቀስ ይጠቅማል። በአፍንጫ ሁለቴ አከታትሎ አየር ስቦ በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ይጠቅማል፤ በስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2023 በተሠራ ጥናት ይህንን በቀን ለ5 ደቂቃ ለአንድ ወር የተለማመዱ ሰዎች ስሜታቸው ተሻሽሏል። ካፌይን በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰዓት በኋላ የጠጣችሁት ማታ አልጋ ላይ አብሯችሁ ነው። ልብ ሲመታ ደግሞ ጭንቅላት ምክንያት ይፈልግለታል፣ አያጣምም።

ጭንቀቱ ትክክል ሲሆን

እዚህ ላይ ከብዙ የምክር ጽሑፎች ጋር አልስማማም። ምክሩ ሁሉ ችግሩ እናንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳለ አድርጎ ያወራል። አንዳንዴ ጭንቀቱ ልክ ነው። የ3 ሰው ሥራ አንድ ሰው ላይ ከተጫነ፣ በቂ ጊዜ ካልተሰጠ፣ ደመወዝ በሰዓቱ ካልመጣ፣ ትንፋሽ መቁጠር ሥራውን አይቀንሰውም። ያኔ «ከዚህ ቀጥሎ የምሠራው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሰው ማነጋገር ነው። ዝርዝሩን ይዞ መግባትና «እነዚህን ሁሉ በዚህ ሳምንት አላደርስም፣ የቱ ይቅደም?» ማለት። ይህንን ማለት ያስፈራል። ግን ፈርተን የምናቆየው ንግግር የሚበላን እንቅልፍ ብዛቱ! ዝርዝር ይዞ የሚገባ ሰው ደግሞ ሰነፍ አይመስልም። «በዝቶብኛል» ብሎ ብቻ የሚወጣው ነው የሚመስለው።

ሰሞነኛ ያልሆነም አለ። ሥራው ቀሎ፣ ፈተናው አልፎ፣ ጭንቀቱ ግን አልሄድ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚሉት፣ አብዛኛውን ቀን ለ6 ወርና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ፣ ለመቆጣጠር የሚያስቸግር፣ ከእንቅልፍ መዛባት፣ ከጡንቻ መጨማደድ፣ ከድካምና ከመነጫነጭ ጋር የሚመጣ ነው። ብርቅ ሕመም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመሞች በአንዱ እንደተያዙ ገምቷል። የአስተሳሰብና የድርጊት ልማድን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና በደንብ የተፈተነ ነው፤ መድኃኒትም አለ። እንደ ጥርስ ሕመም ነው የማየው። ለቀናት የሚነዘንዝ ጥርስ ይዞ «በራሴ እወጣዋለሁ» የሚል የለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 6 ወር አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ለሐኪምና ለቅርብ ሰው መንገር ነው።

የእኔ ማስታወሻ ደብተር አሁን ከጎኔ ተዘርግቷል። ለ11 ሰዓት ተኩሉ ቀጠሮ 3 ነገር ተጽፎበታል። አንደኛው ይህ ጽሑፍ በሰዓቱ አይደርስም የሚል ነው። ሁለተኛው ነገ ስለምደውለው ስልክ ነው፤ ጎኑ ላይ «ጠዋት 4 ሰዓት» ብዬበታለሁ። ሦስተኛው ጠዋት በጥድፊያ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው። ደጋግሜ አየሁት። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ማንበብ አልቻልኩም።